ጄት ወይስ ፕሮፔለር? የሐይቅን ጀልባ ማን ይግፋው

በአሰብ መንገድ ዘመን፣ ጭነቱን ይዞ ባቲን አልፎ ኮምቦልቻ የገባ ኤንትሬ የጭነት መኪና በቀጥታ ወደ ደሴ አይወጣም ነበር። ሹፌሩ ሻይ ይጠጣል፤ ረዳቱ ጎማውን እየመታ ይዞራል፤ ራዲያተሩ ውሃ ይሞላለታል። ከፊት የሐረጎ ዳገት አለ። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ ደግሞ ጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር አካባቢ። በሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። መኪናው ጠመዝማዛውን ሲጀምር ጥቁር ጭስ ይለቃል፤ ማርሽ ይቀነሳል፤ ጉም ሲመጣ መብራት ይበራል።

ሐረጎ ላይ ጉልበት የሚሰርቀው ዳገቱ ብቻ እንዳልሆነ የድሮ ሹፌሮች ያውቁታል። አሰብ ላይ ያንኑ ጭነት እንደ ልቡ ይጎትት የነበረ ሞተር ደጋ ሲወጣ፣ ሜዳ ላይም ቢሆን፣ ያው አይደለም። አየሩ ስስ ነው። ሞተር ነዳጅ የሚያቃጥለው በአየር ነውና አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም ይሳሳል።

ይህ የመኪና ጨዋታ ስለ ጀልባ በሚያወራ ጽሑፍ መጀመሪያ ላይ መምጣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ከደሴ በወልዲያ መንገድ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ሐይቅ ከተማ ይደረሳል፤ ከከተማዋ ጥቂት ወጣ ሲባል ደግሞ ስሟን ያገኘችበት ውሃ ይታያል። አካባቢው፣ ሎጎ ሐይቅ በሚለው ስሙ፣ በ«ገበታ ለትውልድ» ፕሮጀክት ለቱሪስት መዳረሻነት ከተመረጡት የአገሪቱ ስፍራዎች አንዱ ነው። የውሃ ዳር መዝናኛ ያለ ጀልባ አይሆንም፤ ጀልባም ያለ ሞተር ሩቅ አይሄድም። ስለዚህ በቀይ ባሕርና በሜዲትራኒያን የባለጸጋ መርከብ ባለቤቶች የሚጨቃጨቁበት ጥያቄ ወሎ ድረስ መጥቷል፤ ትንሿን ጀልባ የሚገፋት ምን ይሁን? ከኋላዋ የሚሰቀል ባለ ፕሮፔለር ሞተር ወይስ በሆዷ ውስጥ የተቀበረ የውሃ ጄት?

የትልቁ መርከብ ትንሽ ጀልባ

ጥያቄው በጣም የተብላላው በመዝናኛ መርከቦች፣ ማለትም በያቶች ዘንድ ነው። ያት ወደ ዳር መጠጋት የማይችልበት ቦታ ብዙ ነው። ውሃው ጥልቀት የለውም፤ ድንጋይ ወይም ኮራል አለ፤ ወደብ የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ያት ቴንደር የሚባል አገልጋይ ጀልባ ይይዛል። እንግዳ ታመላልሳለች፣ አስቤዛ ታመጣለች፣ ሰው ውሃ ውስጥ ሲወድቅ ታወጣለች።

ባለ ፕሮፔለሩ ሞተር፣ ነጋዴዎቹ አውትቦርድ የሚሉት፣ ከጀልባዋ ጀርባ በብሎን ይታሰራል። ራሱ ከላይ ነው፤ ዘንጉ ወደ ውሃ ይወርዳል፤ ጫፉ ላይ ፕሮፔለሩ ይሽከረከራል። ይህን ዓይነት ሞተር ለገበያ አብቅተው ታዋቂ ካደረጉት ሰዎች ግንባር ቀደሙ፣ ከኖርዌይ ወደ አሜሪካ የሄደው ኦሌ ኤቪንሩድ ነው፤ የመጀመሪያውን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1909 ነበር። በስሙ የሚጠራው ሞተር እስከ 2020 ድረስ ተመርቷል። በአፍሪካ ሐይቆችና ወንዞች ላይ ዛሬ ስሙ የገነነው ግን ያማሃ ነው፤ በተለይ ኤንዱሮ የሚባለው፣ ካርቡሬተር ያለው ባለ ሁለት ምት ሞተሩ በቀላሉ ስለሚፈታና ስለሚገጠም ዓሣ አስጋሪው ሁሉ ያውቀዋል።

የጄቱ ታሪክ ከጥልቀት አልባ ወንዝ ይጀምራል። በኒውዚላንድ ደቡብ ደሴት የነበረው ቢል ሀሚልተን የሚኖርበት አገር ወንዞች ጠጠር የሞላባቸውና እግር ብቻ የሚያርሱ ነበሩ፤ ፕሮፔለር እዚያ ዕድሜ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከጀልባዋ ሆድ ውሃ ስቦ ከኋላ በኃይል የሚተፋ ፓምፕ ላይ ሲሠራ ቆየ፤ የሚተፋው ውሃ ከውሃው ወለል በላይ እንዲወጣ ሲያደርገው ጀልባዋ ፈጠነች። እ.ኤ.አ. በ1960 የእሱ ዓይነት ጀልባዎች የኮሎራዶን ወንዝ በግራንድ ካንየን በኩል ሽቅብ ወጡ።

የእኛም አገር ወንዝ ከዚህ ታሪክ ጎን አለ። እ.ኤ.አ. በ1968 በአፄ ኃይለ ሥላሴ ጋባዥነት መጥቶ ዓባይን በሸለቆው የወረደው የእንግሊዝ ጦር ቡድን፣ በጆን ብላሽፎርድ ስኔል መሪነት፣ ውሃው ረጋ ባለበት አውትቦርድ ሞተር የታሰረባቸው የጦር ጀልባዎችን ሲጠቀም፣ ፏፏቴና ፈጣን ውሃ ባለበት ግን በአየር የሚነፉ የጎማ ጀልባዎችን በመቅዘፊያ ነድቷል። ያው ሰው ከስድስት ዓመት በኋላ ወደ ኮንጎ ወንዝ ሲሄድ የሀሚልተን ጄት ጀልባዎችን ይዞ ነበር። ወንዙ ሲለወጥ ሞተሩም ተለወጠ።

ባለጸጋው ለምን ጄት ይመርጣል?

በያት ላይ ጄት የሚመረጥበት ዋና ምክንያት ፍጥነት ይመስላል። አይደለም። የመጀመሪያው ምክንያት ቁመት ነው። መካከለኛ ያት ጀልባዋን የሚያስቀምጠው በኋለኛው ክፍሉ ውስጥ በተሠራ ዝቅተኛ ጋራዥ ነው። አውትቦርድ ሞተር ከጀልባዋ በላይ ስለሚቆም በሩ አያሳልፈውም። ጄቱ ከመቀመጫው ሥር ስለሚቀበር ጀልባዋ ጠፍጣፋ ሆና ትገባለች። እ.ኤ.አ. በ2004 የተቋቋመው የእንግሊዙ ዊሊያምስ ኩባንያ ገበያውን የያዘው ለእነዚህ ጋራዦች የሚሆኑ የጄት ቴንደሮችን በመሥራት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ነዳጅ ነው። ትልቁ መርከብ የሚነዳው በናፍጣ ነው። ለትንሿ ጀልባ ሲባል ብቻ ቤንዚን በመርከብ ውስጥ ማስቀመጥ የእሳት አደጋ ነው፤ ስለዚህ በናፍጣ የሚሠራ ጄት ቴንደር ያለው ካፒቴን አንድ ጭንቀት ይቀንስለታል።

ሦስተኛውና ለሰው ሕይወት የሚበጀው ምክንያት ከውጭ የሚሽከረከር ስለት አለመኖሩ ነው። ከኮምቦልቻ ሚሌን አልፎ በሚደረስባት ጅቡቲ፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ በኅዳርና በጥር መካከል ዌል ሻርክ የሚባሉት ግዙፍ ዓሣዎች ይመጣሉ፤ ቱሪስቱ አብሯቸው ሊዋኝ ከጀልባ ይወርዳል። ሰውና ዓሣ በአንድ ውሃ ሲሆኑ፣ በመካከላቸው ፕሮፔለር የሚያሽከረክር ጀልባ ነጂ እጁ ሁልጊዜ ማርሹ ላይ መሆን አለበት። ጄት ያንን ፍርሃት በእጅጉ ያቃልላል፤ ምንም እንኳ መሳቢያው ረጅም ፀጉርን፣ ገመድንና የላላ ልብስን ሊስብ ቢችልም።

በንግድ መርከብም ላይ ይኸው ሚዛን ይታሰባል። ዓለም አቀፉ የሕይወት አድን መሣሪያዎች ደንብ የመርከብ አዳኝ ጀልባ ቢያንስ በ6 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ለአራት ሰዓት መጓዝ እንድትችል ይጠይቃል፤ ፈጣን አዳኝ ጀልባ የምትባለው ደግሞ ሦስት ሠራተኛ ይዛ በረጋ ውሃ 20 ኖት፣ 37 ኪሎ ሜትር ያህል፣ መድረስ አለባት። የወደቀን ሰው ከውሃ ለማውጣት በቅርብ መጠጋት ስለሚያስፈልግ በፈጣኖቹ ላይ ጄት መግጠም የተለመደ ነው። በወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የመካኒካል ምሕንድስና ተምሮ ባሕር ዳር ባለው የማሪታይም ማሠልጠኛ በኩል ወደ ውጭ መርከቦች የሚገባ ወጣት ከዋናው ሞተር ሌላ ይህችን ትንሽ ጀልባ መፈተሽም ከሥራው ይቆጠራል።

ሁለቱ እንዴት ይገፋሉ?

አንድን ጀልባ ወደፊት ለመግፋት ውሃን ወደ ኋላ መወርወር ያስፈልጋል። ብዙ ውሃን በዝግታ መወርወር ይቻላል፤ ጥቂት ውሃንም በፍጥነት። ግፊቱ እኩል ሊሆን ይችላል፤ የሚጠፋው ነዳጅ ግን አይስተካከልም። ጥቂት ውሃን በጣም የሚያፈጥን ማሽን ከጉልበቱ ብዙውን ለውሃው ሰጥቶት ይቀራል። ፕሮፔለር በሰፊ ክቡ ብዙ ውሃ ይይዛል፤ ጄት በጠባብ አፈሙዙ ጥቂት ውሃ ይተፋል። በዝግታ ለሚሄድና ሰው ለሞላበት ጀልባ ፕሮፔለሩ ቆጣቢ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ጀልባዋ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ስትበር ልዩነቱ ይጠብባል፤ በሐይቅ ላይ ግን ገዳም ሊያይ የመጣን ምዕመን በዚያ ፍጥነት የሚወስድ የለም።

የሁለቱ ድቅል የሆነ ሦስተኛ ዓይነትም አለ። የአውትቦርድ ሞተር ራስ ይወሰድና ከታች በፕሮፔለሩ ቦታ ትንሽ ጄት ይገጠምለታል። ዋጋው ከእውነተኛው ጄት ይቀንሳል፤ ግን ከሞተሩ ጉልበት ሠላሳ በመቶ ገደማ ይባክናል። ባለ 60 የፈረስ ጉልበት ሞተር ጄት ሲገጠምለት የሚሸጠው «40» ተብሎ የሆነው ከዚህ የተነሳ ነው።

አነዳዱም ይለያያል። ፕሮፔለር ነዳጅ ቢቀነስበትም ዘንጉ ውሃ ውስጥ ስላለ እንደ መሪ ያገለግላል፤ ጀልባዋ መጠነኛ መታዘዝ አላት። ጄት ግን መሪው የሚተፋው ውሃ ራሱ ነው። መትፋቱን ካቆመ ጀልባዋ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ድንገት ከፊቱ ታንኳ የመጣበት ጀማሪ በደመ ነፍስ ነዳጁን ይለቃል፤ ያን ጊዜ ማዞር የሚያስችለውን ኃይል ራሱ አጠፋው ማለት ነው። የሠለጠነ ነጂ ግን ጄትን ባለበት ያዞራታል፣ በአጭር ርቀት ያቆማታል፣ ጉልበት በሚደርስ ውሃ ላይ ያሳልፋታል። ስለዚህ ጄት የሚገዛ ሰው ከጀልባዋ ጋር የሥልጠና ወጪም እየገዛ ነው።

ሐይቅ የራሱ ጠባይ አለው

የሐይቅ ውሃ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ከ7 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ጥልቀቱ ግን ሰውን ያስደንቃል፤ መሐሉ ላይ ከ80 ሜትር በላይ ይወርዳል። ጣና በስፋቱ ከመቶ እጥፍ በላይ ቢበልጠውም ጥልቀቱ ከአሥራ አራት ሜትር ብዙ አይዘልቅም። ከፍ ብሎ ካለው ከአርዲቦ ሐይቅ የሚነሳው የአንካርካ ወንዝ ወደ ሐይቅ ይገባል፤ ከሐይቅ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። የገባው ሁሉ ወይ ይተናል ወይ ይሰምጣል።

ከዳሩ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት ነው። ገዳሙ ጥንት ደሴት ነበር፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ተገናኝቶ ልሳነ ምድር ሆኗል። ይህ ለጀልባ ገዢ ከታሪክ በላይ ትርጉም አለው። ውሃው ሲሸሽ የሚተወው ዳር ለስላሳ ጭቃና ቄጠማ ነው። ሴቶች ወደ ገዳሙ ስለማይገቡ ከውሃው ላይ ሆነው ለማየት የሚፈልጉ እንግዶች ይኖራሉ፤ ያን ጊዜ ጀልባዋ የምትጓዘው በዝግታ፣ ከዳሩ ሳትርቅ፣ ጭቃውና ቄጠማው ባለበት ነው።

ብዙ ሰው «ጥልቀት በሌለው ውሃ ጄት ይሻላል» ሲባል ሰምቶ ይወስናል። አባባሉ እውነት የሚሆነው ታችኛው ወለል ድንጋይ ወይም ጠጠር ሆኖ ጀልባዋ በፍጥነት ስታልፍበት ነው። በጭቃ ላይ ቆሞ የሚነሳ ጄት ግን እንደ አቧራ መጥረጊያ ማሽን ከሥሩ ያለውን ሁሉ ይስባል። የመሳቢያው ፍርግርግ በቄጠማ ይደፈናል። አሸዋው ወደ ውስጥ አልፎ በፓምፑ ውስጥ የሚሽከረከረውን ኢምፔለርና የዙሪያውን ቀለበት ይበላል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ስለሆነ ጥቂት መበላት ብዙ ግፊት ያሳጣል።

በዚህ ላይ መረብ አለ። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ወደ ሐይቅ ከገባ ወዲህ ዓሣ ማስገር ለአካባቢው ወጣቶች እንጀራ ሆኗል፤ መረብም ውሃው ላይ አይጠፋም። መረብ ሁለቱንም ዓይነት ሞተር ያስራል፤ መፍትሔው ግን የተለያየ ነው። የአውትቦርድ ነጂ ሞተሩን ዘንበል አድርጎ ከውሃ ያወጣል፣ ከጀልባዋ ጀርባ ላይ ጎንበስ ብሎ በቢላ ይቆርጣል፣ ይቀጥላል። የጄት ነጂ መረቡ የተጠመጠመበትን አያየውም። መፈተሻ ቀዳዳ ካላት በዚያ እጁን ይሰዳል፤ ከሌላት ውሃ ውስጥ ይገባል ወይም እስኪጎትቱት ይጠብቃል።

ስስ አየር፣ ከባድ ፕሮፔለር

ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ጋራዥ በር ላይ፣ በብረት መቆሚያ የታሰረ አውትቦርድ ሞተር በግማሽ በርሜል ውሃ ውስጥ ተነክሮ ይጮሃል። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ መካኒኩ ወጣት ነው።

«ጋሼ፣ ስንት ሰው ነው የሚጭኑበት?»

«ስምንት። በዓል ሲሆን ዐሥር።»

«ሙሉ ቤንዚን ሲሰጡትስ ይጮሃል ወይስ ያቃስታል?»

«ያቃስታል እንጂ ልጄ! ካንዴላ ቀየርኩለት፣ ዘይት ቀየርኩለት፣ አልሆነም። አርጅቷል መሰለኝ።»

«አብሽር ጋሼ፣ ሞተሩ ደኅና ነው። ፕሮፔለሩ ነው የከበደው።»

መካኒኩ ልክ ነው። የሐይቅ ውሃ ወለል ከባሕር በላይ ሁለት ሺህ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ከፍታ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ዳርቻው 82 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ጃፓን ውስጥ ተለክቶ «40 የፈረስ ጉልበት» የተጻፈበት ሞተር ሐይቅ ላይ የሚሰጠው 33 ገደማ ነው። ካርቡሬተር ያለው ከሆነ ቤንዚኑ ከአየሩ ስለሚበዛበት ካንዴላው ይጠቁራል፤ የቤንዚን መርጫ ቀዳዳውን በአነስተኛ መቀየር ያስፈልጋል። ኤሌክትሮኒክ መርጫ ያለው ሞተር ቤንዚኑን ራሱ ይመጥናል፤ የሌለውን አየር ግን አያመጣም። ሐረጎ ላይ ኤንትሬውን ያስቃሰተው ይኸው ሕግ ነው።

መኪና ያን ጊዜ ማርሽ ይቀንሳል። አውትቦርድ ሞተር ወደፊትና ወደ ኋላ እንጂ የሚቀነስ ማርሽ የለውም፤ ማርሹ ፕሮፔለሩ ራሱ ነው። በፕሮፔለሩ ላይ ሁለት ቁጥሮች ተቀርጸው ይገኛሉ። አንዱ ስፋቱ ነው፤ ሁለተኛው በአንድ ዙር ምን ያህል ኢንች ወደፊት እንደሚቦረቡር ያሳያል። ሁለተኛው ቁጥር በአንድ ኢንች ሲቀንስ የሞተሩ ዙር በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ይጨምራል። አምራቹ በሙሉ ነዳጅ ከ5,000 እስከ 6,000 ዙር መድረስ አለበት ያለው ሞተር ሐይቅ ላይ ሙሉ ሰው ጭኖ 4,600 ላይ ከቀረ፣ ሦስት ኢንች ያነሰ ፕሮፔለር ሲገጠምለት ወደ ቦታው ይመለሳል። የጠፋው ጉልበት አይመለስም፤ ያለው ግን በትክክል ይሠራል። ሞተሩም በጭነት ታፍኖ ከመቃጠል ይድናል። ሥራው አንድ ቁልፍና ሩብ ሰዓት ነው።

ጄት በዚህ ላይ ሁለት ገጽ አለው። ፓምፕ የሚጠይቀው ጉልበት ከዙሩ ጋር በጣም ፈጥኖ ስለሚያድግ ሞተሩ 18 በመቶ ጉልበት ሲያጣ ዙሩ የሚቀንሰው በ6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ሞተሩ እንደ አውትቦርዱ ክፉኛ አይታፈንም። በዚያው ልክ ግን ከግፊቱ 12 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ያንን በቦታው ለማስተካከል ኢምፔለሩን አውጥቶ ሌላ መግጠም ይጠይቃል፤ ያ ደግሞ ጀልባዋን ከውሃ አውጥቶ፣ ፓምፑን ፈትቶ፣ ዕቃውን ከውጭ አስመጥቶ ነው። ተርቦ ያለው ሞተር ከፍታውን በተሻለ ይቋቋማል፤ ዋጋው ግን የያት ዋጋ ነው።

መውጫ የሌለው ውሃ

ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም ብለናል። ይህ ከጄትና ከፕሮፔለር ክርክር በላይ የሚመዝን ነገር ያመጣል። የድሮው ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ደባልቆ ያቃጥላል፤ ከሚጠጣው ነዳጅ ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆነው ሳይቃጠል በጭስ ማውጫው ወደ ውሃው ይገባል። 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር በሙሉ ኃይል በሰዓት 15 ሊትር ገደማ ይጠጣል። በእያንዳንዱ ሰዓት አራት ሊትር ያህል ቤንዚንና ዘይት ቆሮሶው በሚረባበት ውሃ ላይ ተደፋ ማለት ነው። ቤንዚኑ አብዛኛው ይተናል፤ ዘይቱ ግን የሚወስደው ወንዝ የለም። ለሐይቅ ባለ አራት ምት ሞተር ቅንጦት ሳይሆን ዝቅተኛው መስፈርት መሆን አለበት።

ስለ ነዳጅ ከተነሳ ሌላም አለ። ጀልባ ማደያ ድረስ ሄዳ አትቀዳም። በአገራችን ቤንዚን በጀሪካን መቅዳት ፈቃድ የሚጠየቅበትና ወረፋ የሚበዛበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ብዙ የሚጠጣው ጄት የባለቤቱን ኪስ ብቻ ሳይሆን ጊዜውንም ይበላል።

እዚህ ላይ ከሁለቱም የተለየ እጩ ይመጣል፤ የኤሌክትሪክ አውትቦርድ። አገሪቱ በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ የቤት አውቶሞቢሎችን ማስገባት ከከለከለች ወዲህ የኤሌክትሪክ ሞተር የሚያውቁ እጆች በደሴና በኮምቦልቻም መብዛታቸው አይቀርም። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይስብም፤ ስለዚህ ከፍታው ጉልበቱን አይወስድበትም፤ አሰብም ሐይቅም ለእሱ አንድ ናቸው። ዘይት አይተፋም፤ በገዳም አጠገብ አይጮህም። ድክመቱ ርቀት ነው። በዝግታ ስምንት ሰው የሚገፋ ሞተር 3 ኪሎ ዋት ቢወስድ በአንድ ሰዓት 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ከባትሪው ይወጣል። በትልቁ ጣና ላይ ይህ ያስጨንቃል። ከዳር እስከ ዳር ከ7 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ውሃ ላይ፣ ኤሌክትሪክ ያላት ከተማ አጠገብ፣ ለአጭር የጉብኝት ጉዞ ግን ይበቃል። የመብራት መቋረጥ ያለበት ቦታ ስለሆነ ብቻውን ሳይሆን ከአንድ የቤንዚን ጀልባ ጋር አብሮ ቢታሰብ ይሻላል።

የጣና ትምህርት

ሐይቅ ዳር የሚወሰነው ውሳኔ ከጣና ሊማር ይገባል። በ2004 ዓ.ም. በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ መታየቱ የታወቀው እንቦጭ ጀልባን ምን እንደሚያደርግ ባሕር ዳርና ጎርጎራ ያለ ነጂ ሁሉ ያውቃል። ሥሩ ረጅምና ጸጉራም ነው፤ በፕሮፔለር ላይ ተጠምጥሞ ሞተሩን ያንቃል። «እንግዲያው ጄት ይሁን» የሚለው ሐሳብ ወዲያው ይመጣል፤ ፕሮፔለር ከሌለ የሚጠመጠምበት የለም የሚል ነው። ጄቱ ግን ከፕሮፔለሩ በባሰ ይሸነፋል፤ ተንሳፋፊውን አረም ራሱ ወደ ፍርግርጉ ይስበዋል፤ ውሃ ሲያጣም ግፊቱ ይቋረጣል፣ በዚሁ ውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ከሆነም ይግላል። ጥቅጥቅ ባለ አረም ውስጥ የሚሻለው ሞተር አጥፍቶ በእንጨት መግፋት ነው፤ በደንገል ታንኳ የሚጓዘው ገበሬ ይህን ሳይነገረው ያደርገዋል።

ጣና ሌላም ያሳያል። በ2017 ዓ.ም. ጣናነሽ 2 የተባለችው ትልቅ ጀልባ ከጅቡቲ በመኪና ተጭና ተራራና ሸለቆ አቋርጣ ባሕር ዳር ገብታለች። ጀልባ ማምጣት እንደሚቻል ተረጋግጧል። አስቸጋሪው ከመጣች በኋላ ያለው ነው፤ መለዋወጫው፣ መካኒኩ፣ በየዓመቱ የሚፈተሽበት መርሐ ግብር። አውትቦርድ ሞተር ቢበላሽ አራት ብሎን ተፈትቶ ራሱ በአይሱዙ ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ ጀልባዋ ሌላ ሞተር አስራ ሥራዋን ትቀጥላለች። ጄት ሲበላሽ ጋራዥ መግባት ያለባት ጀልባዋ ራሷ ናት።

እንግዲህ የቱ?

በቀይ ባሕር ላይ የሚንሳፈፍ፣ በናፍጣ የሚሄድ፣ ዝቅተኛ ጋራዥ ያለው፣ ዋናተኛ እንግዳ የሚበዛበት ያት ላለው ሰው መልሱ ጄት ነው፤ የጠራ ጨዋማ ውሃ፣ የሠለጠነ ነጂና በወደቡ የሚጠብቅ የኩባንያ ተወካይ አለውና። ሐይቅ ላይ ከእነዚህ አብዛኛው የለም። ያለው ስስ አየር፣ ጭቃ ዳር፣ መረብ፣ ዝግታ ጉዞ፣ ከባድ ጭነትና ጎበዝ የመኪና መካኒክ ነው። ለዚህ የሚስማማው ባለ አራት ምት፣ መለዋወጫው አዲስ አበባ የሚገኝ አውትቦርድ ሞተር ነው። ዋና በሚዋኝበት ዳር ለሰው ደኅንነት የጄትን ጥቅም ለማግኘት በፕሮፔለሩ ዙሪያ የብረት መከለያ ይታሰር፤ ትንሽ ፍጥነት ይወስዳል፣ የሰው እግር ግን ያድናል። ነጂው ላይ የሚታሰረው፣ ሲወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋው ገመድ ሳይታሰር ጀልባ አይነሳ።

ለሎጎ ሐይቅም ሆነ ለሌላ የደጋ ውሃ ጀልባ የሚገዛ ኮሚቴ በጨረታ ሰነዱ ላይ የፈረስ ጉልበትና ዋጋ ብቻ ጽፎ ቢያወጣ፣ አቅራቢው ባሕር ወለል ላይ የተለካውን ወረቀት ያቀርብለታል። ስለዚህ ሰነዱ እንዲህ ይበል፦ ርክክቡ የሚፈጸመው በሐይቅ ውሃ ላይ፣ በሙሉ ሰው ቁጥር ወይም በእኩያው የአሸዋ ጆንያ ክብደት ተጭኖ፣ ሞተሩ አምራቹ የጻፈውን ዙር መድረሱ በቆጣሪ ታይቶ ነው። አቅራቢው መጠናቸው የተለያየ ሁለት ፕሮፔለሮች ወይም ኢምፔለሮች፣ የአንድ ዓመት መለዋወጫና ለአንድ የኮምቦልቻና ለአንድ የሐይቅ መካኒክ ሥልጠና ይጨምር። ይህን ያሟላ ጄት ከመጣ ይገዛ፤ ካልመጣ ግን፣ ብሮሹሩ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ቅድሚያው ፕሮፔለሩን በሩብ ሰዓት ቀይሮ ጋሼን በዚያው ቀን ወደ ሥራቸው ለሚመልሳቸው ሞተር ይሁን።